ኮሮላ 1.6፦ ጠዋት ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ሲሞቅ ይለዝባል ግን አይጠፋም

የሽምብጥ ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። መኪናው የ2004 ኮሮላ ነው፤ ሞተሩ 3ዜድዜድ 1.6 ቤንዚን፣ ማርሹ ማንዋል፣ ቆጣሪው 214,000 ላይ ነው። ጠዋት እንደተነሣ ከኮፈኑ ሥር ደረቅ ያለ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይሰማል። ነዳጅ ሲሰጠው አብሮ ይፈጥናል፣ ዳገት ላይ ሲጫን ደግሞ ይጎላል። አምስት ስድስት ደቂቃ ከሠራ በኋላ አብዛኛው ይለዝባል፤ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ግን ጆሮ ለሰጠው ሰው ቀጭን ጠቅታ ይቀራል። የዘይት መብራት አይበራም፣ ቼክ ኢንጂን የለም፣ ጭስም የለም። ቤንዚን ግን ትንሽ በዝቶበታል። የገባው ዘይት 20ደብልዩ50 ነው፤ ከተቀየረ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዷል።

አንድ ጋራዥ ቫልቭ ነው አለ፤ ሌላው ቢየላ (ፒስተኑን ከታችኛው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ነው፣ ሞተሩ ይውረድ አለ። ከመውረዱ በፊት በእጅ የሚቻለውን ሁሉ መፈተሽ እፈልጋለሁ። የቁልፍ ስብስብና ረጅም ካቻቢቴ አለኝ፣ ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካበት የቀጫጭን ላሜራ ስብስብ) እገዛለሁ። ከየት ልጀምር?

ቁልፍ 12፦
ሞተሩን ማንም እንዳያወርደው። ከጻፍከው ብቻ ቢየላ የመሆኑ ነገር ሩቅ ነው። የተበላ ብሮንዚን (ቢየላው የሚዞርበት ለስላሳ ብረት) ዘይቱ ሲቀጥን ነው የሚብስበት፤ ጠዋት ወፍራሙ ዘይት ይዞት ዝም ይልና ሞተሩ ሲሞቅ ኳ ኳ ማለት ይጀምራል። ያንተ ተቃራኒው ነው። ድምፁም ራሱ ይለያል። ቢየላ ከታች ከኮፓው አካባቢ የሚመጣ ከባድ ምት ነው፤ 2,000 ዙር ላይ ይዘህ እግርህን ከነዳጁ ድንገት ስታነሣ ለአፍታ ይንኳኳል። ቀላልና ደረቅ ጠቅታ አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ግማሽ ነው፦ ቫልቭ፣ ኢንጀክተር፣ የጭስ ማኒፎልድ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ የሚሰበስበው ቧንቧ)፣ በደንብ ያልጠበቀ ካንዴላ፣ ወይም በቺንጋ ከሚዞሩት አንዱ።

የዘይት ልኩን አስቀድም። ደልዳላ ቦታ ላይ አቁም፣ አጥፋና 5 ደቂቃ ጠብቅ፣ መለኪያውን አውጥተህ ጥረግ፣ እንደገና ከትተህ አንብብ። የዚህ ሞተር ቤተሰብ ቀደምት ሥሪቶች ዘይት በመብላት ይታወቃሉ፤ የፒስተኑ የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ በካርቦን ይደፈናሉ። ሙሉ ዘይቱ ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ብቻ ነው። አንድ ሊትር ጎደለ ማለት ከሩብ በላይ ሄደ ማለት ነው፤ ያኔ መጀመሪያ የሚጮኸው ከዘይት ግፊት የሚሠራው የቼይን መወጠሪያ ነው። የዘይት መብራቱ አለመብራቱን ማስረጃ አታድርገው። ስዊቹ የሚያበራው ግፊቱ ወደ 0.3 ባር ሲወርድ ነው፤ እዚያ ከተደረሰማ ብሮንዚኑን ማሰብ ነው።

ጋሽ ካንዴላ፦
ቁልፍ ያለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ቆጠራ ነው፤ ሰው ስለማይቆጥር ነው ሁሉም በጆሮው የሚፈርደው።

ስልክህን ኮፈኑ አጠገብ ያዝና ሚኒሞ ላይ 10 ሰከንድ ድምፅ ቅዳ። ከዚያ በዝግታ አጫውተህ ጠቅታዎቹን ቁጠር። ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ነው የሚዞረው። ሚኒሞህ 750 ከሆነ አንድ የላላ ቫልቭ በ10 ሰከንድ 62 ጊዜ ያህል ይመታል። ከክራንክሻፍቱ ጋር እኩል የሚዞር ነገር፣ ለምሳሌ የላላ ፑሊ ወይም የፍላይዊል ቡሎን፣ 125 ይሰጥሃል። ከሁለቱ ጋር የማይገጥም፣ አንዴ የሚፈጥን አንዴ የሚዘገይ ከሆነ ቺንጋው የሚያዞራቸውን ጠርጥር።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቅ። ከአንድ ሲሊንደር በኩል ብቻ የሚያፈስ የጭስ ጓርኒሲዮን (የማኒፎልዱ መገጣጠሚያ ማሸጊያ) የሚቆጠረውም 62 ነው፤ ምክንያቱም ያ ሲሊንደር ጭስ የሚያወጣው በሁለት ዙር አንዴ ነው። ቫልቭ ነው ተብሎ ብዙ ክዳን በከንቱ የሚከፈተው በዚህ ነው። ኢንጀክተርም እንዲሁ 62 ነው፤ የእሱ ግን ቀጭን፣ በአራቱም ላይ እኩል የሆነ፣ ጤነኛ ድምፅ ነው።

ስታዳምጥ ቦታ ምረጥ። ባጃጅ ሲተራመስ ምንም አይለይህም፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ፣ ግንብ አጥር አጠገብ አቁመህ አስነሣ። ግንቡ ድምፁን ይመልስልሃል። በካቻቢቴ ስታዳምጥ እጀታውን ጆሮህ ሥር አጥንቱ ላይ አስደግፈው፣ ጫፉን በየተራ ቫልቭ ክዳኑ ላይ፣ በየኢንጀክተሩ፣ በዲናሞው፣ በውሃ ፓምፑ ላይ አድርግ። እጅጌህን ጠቅልል፤ የራዲያተር ፋኑ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ሳይነግርህ ይነሣል።

ናፍታ ብቻ፦
ጣልቃ ልግባና፣ ባለ 5ኤል ናፍታ ሞተር ሃይየስ ላይ ተመሳሳይ ጠቅታ አለ፤ ሲሞቅም አይለወጥም። ቆጠራው ለናፍታም ይሠራል?

ጋሽ ካንዴላ፦
ይሠራል፤ ግን ናፍታ ላይ ኖዝል የሚያመጣው ምት ቫልቭ ይመስላል። በየተራ የኖዝሉን ቧንቧ ዳዶ ሚኒሞ ላይ ግማሽ ዙር አላላ። ምቱ ከጠፋ ያ ኖዝል ነው፤ ካልተለወጠ ወደ ቫልቭ ሂድ። ለ5ኤል ሞተሩ ቀዝቅዞ የማስገቢያው 0.20 እስከ 0.30 ሚሊ፣ የማስወጫው 0.40 እስከ 0.50 ነው፤ በሺም (ክፍተቱን በውፍረቱ በሚያስተካክል ክብ ላሜራ) ነው የሚስተካከለው። ስታላላው ጨርቅ ጠቅልልበት፣ እጅህንና ዓይንህን አርቅ። ይህን የምልህ ለአሮጌው ሜካኒካል ፓምፕ ብቻ ነው። ዲ4ዲ ወይም ሌላ ኮመን ሬል ላይ ዳዶ እንዳትነካ፤ ግፊቱ ከ1,000 ባር ስለሚበልጥ ናፍታው ቆዳ በስቶ ይገባል።

የሐሙሲት መንገድ፦
ስለ ባለኮሮላው ላንሣ። 20ደብልዩ50 ዘይት ላይ 214,000 የሄደ ሞተር ቢጮህ ምን ይገርማል? መፍትሔው የድምፅ ማጥፊያ ተጨማሪ ዘይቱ ላይ መጨመር ነው፤ ብዙ ታክሲ በሱ ነው የሚሄደው።

ቁልፍ 12፦
በዚህ አልስማማም። ማወፈሪያው ድምፁን ያፍነዋል፣ ያፈነውን ነገር ግን አይጠግነውም፤ ሁለት ወር ቆይቶ ስትመጣ ምን እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል። ምርመራው ሳያልቅ ዘይቱን አትንካው።

ስለ ውፍረቱ ግን ነጥብ አለህ። በኅዳርና በታኅሣሥ ባሕር ዳር ጠዋት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። 20ደብልዩ በዚያ ሙቀት ወደ ካምሻፍቱ ለመውጣት ይዘገያል፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰከንዶች ጠቅታም ከዚያ ይመጣል። ለዚህ ሞተር 5ደብልዩ30 ወይም 10ደብልዩ30 ነው የሚሻለው። ሞተሩ ዘይት የሚበላ ከሆነ 10ደብልዩ40 እሺ። ዘይት የሚያዘገየው ድምፅ ግን ሰከንዶች ነው የሚቆየው፤ እዚህ የተጻፈው አምስት ስድስት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ወንጀለኛው ዘይቱ አይደለም።

ጥርጣሬ ካለ ግፊቱን ለኩት። የግፊት ስዊቹን በረጅም 24 ቡሶላ ፍቱና በቦታው ማኖሜትር ግጠሙ። ጥርሱ የቶዮታ አንድ ስምንተኛ ቢኤስፒቲ ነው፤ የአሜሪካው ኤንፒቲ የገጠመ መስሎ ጥርሱን ይበላዋል። ሞተሩ ሞቆ በ3,000 ዙር ከ3 እስከ 5.5 ባር ከሰጠ ስለ ዘይት የምታወሩት አለቀ።

ማርሽ አምስት፦
አንድ ነገር ይታከል። ጠቅታው የሚሰማው ሲጫን ብቻ ቢሆን ኖሮ ቤንዚኑን ነበር የምንጠረጥረው። በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ቀድሞ ሲፈነዳ የጠጠር መንኳኳት የሚመስል ድምፅ ያመጣል። ግን ያ የሚሰማው ሞተሩ ሲሞቅና ሲጫን ነው እንጂ ቀዝቃዛ ሚኒሞ ላይ አይደለም። በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሳሳም ከዚህ ይልቅ ወደ መተማ ቆላ ሲወረድ ነው የሚብሰው። ስለዚህ ይህን ሰርዘነዋል።

አሁን የሚያስፈልገው ሲሊንደር መቁረጥ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የአንዱን ኢንጀክተር ሶኬት ንቀል፣ አስነሣ፣ 20 ሰከንድ አዳምጥ፣ አጥፋ፣ መልስ፤ ወደሚቀጥለው። ኮይሉን አትንቀል። ኮይል ከተነቀለ ቤንዚኑ ሳይቃጠል ወደ ካታሊስት (የጭስ ማጣሪያው) ይሄድና ያበላሸዋል፤ ኢንጀክተር ከተነቀለ ግን የሚሄደው አየር ብቻ ነው። ቼክ ኢንጂን ሊበራ ይችላል፣ በስካነር ይጠፋል።

ውጤቱን እንዲህ አንብበው። ድምፁ ምንም ካልተለወጠ ቫልቭ ወይም ከሲሊንደሩ ውጭ ያለ ነገር ነው፤ ቫልቭ ሲሊንደሩ ተቃጠለም አልተቃጠለም ይመታል። ድምፁ በጣም ከቀነሰ፣ የዚያ ሲሊንደር ጭስ የሚያፈስበት ቦታ፣ ፒስተን ወይም ቢየላ ነው። ሙሉ በሙሉ ከጠፋና ቀጭን ጠቅታ ከነበረ ራሱ ኢንጀክተሩ ነው፣ ተወው። ፈተናውን በቀዝቃዛም በሞቀም አድርገው፤ ካነበብኩት ሁለት የተለያዩ ድምፆች ያሉ ይመስለኛል።

የሽምብጥ ልጅ፦
ሁላችሁም ተባረኩ። ውጤቱ ይኸው።

ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ቀዝቃዛ ሆኖ ሲቆጠር በ10 ሰከንድ 70 ገደማ፤ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሚኒሞውም ከፍ ያለ ነበር፣ ወደ 850 ዙር። ቁጥር 1፣ 2 እና 3 ሲነቀሉ ለውጥ የለም። ቁጥር 4 ሲነቀል ድምፁ በግማሽ ቀነሰ፣ ጠቅታው ወደ ፍስታ ተለወጠ። ሞተሩ ሞቆ ግን የትኛውም ሲነቀል ቀጭኑ ጠቅታ አይነካም፤ ቆጠራውም አንዴ ይበዛል አንዴ ያንሳል።

ማርሽ አምስት፦
እንደጠረጠርኩት ሁለት ናቸው። የቀዝቃዛው 850 ለሁለት ሲካፈል በደቂቃ 425፣ በ10 ሰከንድ 71 ነው፤ ካንተ ቆጠራ ጋር ይገጥማል። ከቁጥር 4 ጋር መቀነሱ ደግሞ ቫልቭ አለመሆኑን ይናገራል። ቁጥር 4 ላይ ጭስ ያፈሳል። ብረቱ ሲሞቅ ይለጠጥና ክፍተቱን ይዘጋዋል፤ ስለዚህ ነው የሚለዝበው። ቤንዚን የበዛበትም ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል፤ በክፍተቱ የሚገባው አየር ኦክስጅን ሴንሰሩን ያሳስተውና ኮምፒውተሩ ቤንዚን ይጨምራል።

የቀረው ከቺንጋው ነው። እሱን ጋሽ ካንዴላ ቢነግሩህ ይሻላል።

ጋሽ ካንዴላ፦
እሺ እህቴ። የቺንጋው ፈተና አጭር ነው፣ ግን አንድ ወሰን አለው። ቺንጋው ውሃ ፓምፑንም ስለሚያዞር ያለ ቺንጋ ሞተሩ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይሠራም።

የቺንጋውን አዟዟር በስልክ ፎቶ አንሣ። መወጠሪያው ላይ ባለ 19 ቁልፍ አድርገህ ቀስ ብለህ አላላው። መወጠሪያው በዘይት የሚሠራ ስለሆነ በፍጥነት አይሄድም፣ አትታገለው። ቺንጋውን አውጣ፣ አስነሣ፣ አዳምጥ። የባትሪ መብራት ይበራል፣ መሪ ይከብዳል፣ ይህ ያለ ነው። ጠቅታው ከጠፋ አጥፋና እያንዳንዱን ፑሊ በእጅህ አዙር። ጥሩ ኩሽኔታ ያለ ድምፅ፣ እኩል ይዞራል። የሻከረ፣ የሚንከረከር፣ ወይም ግራና ቀኝ ሲነቀነቅ የሚጫወት ካለ እሱ ነው። በዚህ ሞተር ብዙ ጊዜ የሚበላው የመወጠሪያው ታችኛ ቡሽ ነው፤ ሚኒሞ ላይ ቺንጋው ሲርገበገብ እጀታው ይመታል። ሲሠራ ከላይ በባትሪ አብርተህ ብታየው እጀታው ሲዘል ይታያል።

ጭሱን በሳሙና ፈልገው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቅዞ። ጎሚስታ ቤት ያለውን ኮምፕረሰር በማርሚታው መውጫ በኩል በጨርቅ አሸገህ በዝቅተኛ ግፊት ንፋበት፤ ከዚያ ማኒፎልዱ ከቴስታታው (ቫልቮቹን ከያዘው የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ጋር በሚገናኝበት ዙሪያ የሳሙና ውሃ ርጭ። አረፋ የሚነፋበት ቦታ ነው። ኮምፕረሰር ከሌለ፣ ሌሊት ያደረ ሞተር አስነሥተህ ሌላ ሰው የማርሚታውን አፍ በወፍራም ጨርቅ ለ3 ሰከንድ ይያዘው፤ ፍስታው ይጎላል። ይህን ዝግ ቤት ውስጥ እንዳታደርጉት፤ በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ሳይሰጥ ይገድላል። በጓርኒሲዮኑ ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ካየህ ሳሙናም አያስፈልግህም።

የሐሙሲት መንገድ፦
ኮብልስቶን ላይ ሲሄዱ ማርሚታው ይነቀነቃል፤ የሙቀት መከላከያው ላሜራ ብቻም ሊሆን ይችላል። እሱም ይንቀጨቀጫል።

ጋሽ ካንዴላ፦
ሊሆን ይችል ነበር፤ ላሜራ ግን ቁጥር 4 ስለተነቀለ አይቀንስም። ለማንኛውም ላሜራውን በጓንት ይዘህ ብትጫነው ወዲያው ትለየዋለህ።

የሽምብጥ ልጅ፦
ቺንጋው ሲወጣ ቀጭኑ ጠቅታ ጠፋ። ዲናሞውና ውሃ ፓምፑ እኩል ይዞራሉ፤ የመወጠሪያው እጀታ ግን ወደ ጎን ሲነቀነቅ ይጫወታል።

ጭሱም ተገኘ። ከቁጥር 4 ጎን ጥላሸት አለ፣ አረፋውም እዚያው ነው የሚነፋው። የዳርቻው ስታድ (ማኒፎልዱን የሚይዘው ባለ ጥርስ ዘንግ) ተሰብሮ ዳዶው የለም፤ ጉቶው ከቴስታታው ትንሽ ወጣ ብሎ ይታያል። ፊለር ጌጁ ስለተገዛ ቫልቩንም ልለካ ወይስ ይቅር?

ማርሽ አምስት፦
ለካው። የላላ ቫልቭ ይጮኻል፣ የጠበበ ግን ዝም ይላል፤ ማስወጫን የሚያቃጥለው ደግሞ ዝም ያለው ነው። የማስወጫ ቫልቭ ሙቀቱን ወደ ቴስታታው የሚያስተላልፈው መቀመጫው ላይ ባረፈበት ጊዜ ነው። ክፍተቱ ሲጠብ በደንብ ሳያርፍ ይቀራል፣ ጠርዙ ይነዳል፣ ከዚያ ኮምፕሬሽን ይጠፋል። በነዚህ ሞተሮች መቀመጫው እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ እየጠበበ ነው የሚሄደው፣ እየሰፋ አይደለም። «አይጮህም፣ ደህና ነው» የሚባለው ፍርድ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ መቀዝቀዝ አለበት፤ ሌሊቱን ይደር። ኮይሎቹን፣ ከዚያ የቫልቭ ክዳኑን በ10 ቁልፍ ፍታ። ካንዴላዎቹንም አውጣቸው፣ ማዞር ይቀልሃል። ክራንክሻፍቱን በፑሊው ባለ 19 ቡሎን በሰዓት አቅጣጫ ብቻ አዙር። ቁጥር 1 ከላይ በኮምፕሬሽን ሲቆም የምትለካው የማስገቢያ 1 እና 2፣ የማስወጫ 1 እና 3 ነው። አንድ ሙሉ ዙር ጨምረህ የማስገቢያ 3 እና 4፣ የማስወጫ 2 እና 4። ልኩ የማስገቢያው ከ0.15 እስከ 0.25፣ የማስወጫው ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊ ነው። ጌጁ ሲጎተት የሚይዝ ግን የማይቀረቀር መሆን አለበት። ከቀጭኑ ላሜራ ጀምር፣ አልፎ ከገባ ቀጣዩን ወፍራም ሞክር፤ የመጨረሻው በያዣ የሚያልፈው ነው ልክህ። በየተራ ወረቀት ላይ ጻፈው።

የሽምብጥ ልጅ፦
የማስገቢያዎቹ ሁሉ በ0.18 እና በ0.22 መካከል ናቸው። የማስወጫዎቹ፦ ቁጥር 1፣ 0.29 እና 0.31። ቁጥር 2፣ 0.30 እና 0.28። ቁጥር 3፣ 0.22 እና 0.27። ቁጥር 4፣ 0.32 እና 0.30። የቁጥር 3ቱን 0.22 ሦስት ጊዜ ለካሁት፤ ያው ነው።

ቁልፍ 12፦
ስለዚህ የጮኸው ቁጥር 4፣ የታመመው ቁጥር 3። 0.22 ከዝቅተኛው 0.03 ብቻ ነው የጎደለው፤ ዛሬ የሚያቆም ነገር አይደለም። እኔ ብሆን መጀመሪያ ኮምፕሬሽን እለካለሁ። ሲሊንደር 3 ከሌሎቹ ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ቫልቩ ገና አልተቃጠለም፤ ለ20,000 ኪሎ ሜትር ትቶ መልሶ መለካት ይቻላል።

ኮምፕሬሽን ስትለካ ስለ ከፍታው አስታውስ። መጽሐፉ የሚሰጠው ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከዚያ ወደ 80 በመቶ ስለሆነ መጽሐፉ 15 ባር ያለው ጤነኛ ሞተር ባሕር ዳር ላይ 12 አካባቢ ያሳያል። «ኮምፕሬሽን ወርዷል፣ ቀለበት ይቀየር» የሚል ሰው ይህን ቁጥር ያለ ማስተካከያ ያነበበ ነው። ዋናው በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ1 ባር መብለጥ የለበትም። ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ኢንጀክተሮቹ ተነቅለው፣ ነዳጅ እስከ ታች ተረግጦ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ይለካ።

ማርሽ አምስት፦
ኮምፕሬሽኑ ይለካ፣ እስማማለሁ። መተዉ ላይ ግን አልስማማም። ክዳኑ ተከፍቷል፣ ልኩ ታውቋል፤ የቀረው የማስወጫ ካምሻፍቱን ማንሣት ብቻ ነው። ለዛሬ የሚያስፈልገው አንድ ታፔት (በካምሻፍቱና በቫልቩ መካከል ያለው ኩባያ መሰል ብረት) ነው። ከ20,000 በኋላ ቫልቭ ከተቃጠለ ግን ቴስታታ ይወርዳል።

በዚህ ሞተር ሺም የለም፤ ታፔቱ ራሱ በውፍረት ይመረጣል። ከ5.060 እስከ 5.740 ሚሊ በ0.020 ልዩነት 35 ዓይነት አለ፤ ቁጥሩ በታፔቱ ውስጠኛ ገጽ ተመትቷል። ሒሳቡ፦ ለማስወጫ አዲሱ ውፍረት ማለት የድሮው ውፍረት ሲደመር ከለካኸው ላይ 0.30 ተቀንሶ የቀረው ነው። ለማስገቢያ በ0.30 ፈንታ 0.20። ለምሳሌ ሲወጣ 46 የሚል ከሆነ 5.460 ነው፤ 0.22 ሲቀነስ 0.30 ከዜሮ በታች 0.08 ነው፤ ስለዚህ 5.380፣ ቁጥር 38 ትፈልጋለህ። ቁጥሩ ከተፋቀ በማይክሮሜትር ይለካል፣ በካሊፐር አይሆንም።

እዚህ ከተማ ካጣኸው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ለሚላክ ሰው ቁጥሩን ጽፈህ ስጥ። «የኮሮላ ታፔት» ብቻ ብትለው ያገኘውን ያመጣልሃል። ከአሮጌ ቴስታታ የወጣም ይሆናል፣ ገጹ ካልተጫረና ካልተቦረቦረ።

የሽምብጥ ልጅ፦
እሺ፣ ኮምፕሬሽኑ ከተለካ በኋላ ታፔቱ ይቀየራል። የተሰበረውን ስታድ እንዴት ላውጣው? ካምሻፍቱ ሲነሣስ የቼይኑ ነገር?

ጋሽ ካንዴላ፦
ስታዱን ቀዳዳ በመብሳት አትጀምር። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው፤ መሰርሰሪያው ከጠንካራው ስታድ ተንሸራቶ ለስላሳው ውስጥ ይገባል፣ ያኔ ጥርሱ አበቃ። ጉቶው ወጣ ካለ ከላይ አንድ ዳዶ አስቀምጠህ በመሃሉ ቀዳዳ ከስታዱ ጋር አስበይደው። የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ያላቅቀዋል፤ ሳይቀዘቅዝ በዳዶው ቀስ እያልክ ወዲህ ወዲያ እያደረግህ አውጣ። ሌሊቱን ዝገት የሚያላቅቅ ስፕሬይ ነፍተህበት ይደር። በያጁ ከመሥራቱ በፊት የባትሪውን ሁለቱን ገመዶች ንቀል፤ ኮምፒውተሩን ያድናል።

ማኒፎልዱ ሲወርድ ገጹ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድምበት፤ ከተጣመመ አዲስ ጓርኒሲዮንም በሁለት ወር ያፈሳል፣ ማስላጥ ነው። ጓርኒሲዮኑ አዲስ የብረት ይሁን፣ ስታዶቹንና ዳዶዎቹን ሁሉንም ለውጥ። ከመሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ዙር አጥብቅ። ሲሊኮን እንዳትቀባ፣ ይቃጠላል።

ቼይኑን በተመለከተ፣ ቁጥር 1 ከላይ እንደቆመ በቼይኑና በሁለቱ ጥርሶች ላይ በቀለም ምልክት አድርግ። የቼይን መወጠሪያው ከውጭ በሁለት ባለ 10 ዳዶ የተያዘ ነው፤ ካምሻፍቱ ከመነካቱ በፊት እሱ ይውጣ። የካምሻፍት ጥርሱን ቡሎን ስታላላ ካምሻፍቱን ባለ ስድስት ማዕዘን ቦታው ላይ በቁልፍ ያዘው፣ በቼይኑ አትያዘው። ካፖቹን በየተራ ትንሽ ትንሽ እያላላህ አውጣ፤ በአንድ በኩል ከተጫነ ካምሻፍቱ ይሰነጠቃል። ካፖቹ ቁጥርና ቀስት አላቸው፣ እንደነበሩ ይመለሱ። ቼይኑን በሽቦ እሰረው፤ ወደ ውስጥ ከወደቀ የፊት ክዳኑ ሊወርድ ነው። ክራንክሻፍቱን በዚህ ጊዜ ማንም አያዙር።

ሲመለስ የፊተኛው ካፕ 23 ኒውተን ሜትር፣ ሌሎቹ 13፣ የጥርሱ ቡሎን 54፣ የቼይን መወጠሪያው 9 ነው። መወጠሪያውን ከመግጠምህ በፊት ፒስተኑን ወደ ውስጥ ግፋና በመንጠቆው አስረው። ከገጠምክ በኋላ ክራንክሻፍቱን ትንሽ ወደ ግራ አዙር፣ መንጠቆው ይላቀቃል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙረህ ፒስተኑ ወጥቶ ቼይኑን መግፋቱን አረጋግጥ። ይህ የተረሳበት ሞተር በመጀመሪያው ማስነሣት ቼይን ይዘላል።

ቁልፍ 12፦
የቫልቭ ክዳኑ ሲመለስ የፊት ክዳኑ ከቴስታታው ጋር በሚገናኝባቸው ሁለት ቦታዎች ላይ ብቻ ትንሽ ሲሊኮን፤ ሌላው በጎማው ይበቃዋል። የካንዴላ ጉድጓድ ጎማዎቹን አብረህ ለውጥ፣ አሮጌው ዘይት ወደ ካንዴላው ያወርዳል። ዘይቱንም በዚሁ ወደ 10ደብልዩ40 ቀይረው። የወጣውን አሮጌ ዘይት በጀሪካን አድርገህ ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጥ እንጂ ቦይ ውስጥ አትድፋው፤ ቦዩ ጣና ነው የሚገባው፣ ሐይቁን እምቦጩ ይበቃዋል።

የሽምብጥ ልጅ፦
ኮምፕሬሽኑ ተለክቷል፦ 11.8፣ 12.0፣ 11.6፣ 11.9። ታፔቱ 48 የሚል ነበር፤ በሒሳቡ 5.400 ይሆናል፣ ቁጥር 40። የቺንጋው መወጠሪያም አብሮ ታዟል።

ማርሽ አምስት፦
ሒሳቡ ልክ ነው፣ ሲሊንደር 3ም ደህና ነው፤ በጊዜ ደርሰህበታል። ሲገጠም ታፔቱን ዘይት ቀባው፣ በእጅህ በነፃነት መዞር አለበት። ሁሉም ከጠበቀ በኋላ ካንዴላ ሳትመልስ ክራንክሻፍቱን በቁልፍ ሁለት ሙሉ ዙር አዙር። አንድ ቦታ ላይ ከተያዘብህ አታስገድደው፣ ምልክቶቹን መልሰህ እይ። ካልተያዘ የቁጥር 3ን ክፍተት እንደገና ለካ፣ ከ0.28 እስከ 0.32 ውስጥ ከሆነ ክዳኑን ዝጋ። ሞተሪኖውን ከዚያ በኋላ ነው የምትነካው።